የዳምጤ ማንኪያ

ዳምጤን የሚያውቁ የጅማ ሰዎች ስሙ ሲነሳ ፈገግ ይላሉ። «ያ ልክ ነው ባዩ?» ይላሉ። አልተሳሳቱም። አለቃው ሲናገር ልክ ነው፤ ሚስቱ ስትቆጣ ልክ ነው፤ ዛሬ ይዘንባል ሲሉት ልክ ነው፤ ኧረ አይዘንብም ሲሉትም ልክ ነው። ሰው ማስቀየም ሲፈጠርም የተነፈገው ነገር ይመስል ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሰው ሞኝ ነው ብሎ ማለፍ ችኮላ ነው። ልክ ነው እያሉ ዓመታት መክረም ምን ያህል ዓይንና ጆሮ እንደሚፈልግ የሚያውቀው በዚያ እንጀራ የኖረ ብቻ ነው።

ጅማ የገባው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ ከከምባታ አገር ለቡና ለቀማ ከሚወርዱት ጋር ነው። የመጣው የአጎቱን ልጅ ተከትሎ ነበር። የአጎቱ ልጅ ሁለት ወር ለቅሞ ሰለቸውና ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ዳምጤ ያን ሰሞን ወባ ጥሎት ስለነበር ተከትሎት ሊሄድ አልቻለም። ወባው የያዘው ጅማ አጠገብ ደዶ ውስጥ ቲጃኒ በሚባል ገበሬ ማሳ ላይ ሳለ ነው። ቲጃኒ ለቃሚ ነው ብሎ አልጣለውም፤ ከቤቱ አስገብቶ አስተኛው፣ ሚስቱ ፈድሊያም አጥሚት እያፈላች አጠጣችው። ዳምጤ ይህን አልረሳም። ቢሆንም ምስጋናውን እንኳ በቅጡ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ሲሻለው ጅማ ገብቶ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ካለ የቡና መጋዘን በተሸካሚነት ተቀጠረ። ተሸካሚዎች ጆንያ ሲያወጡ ተከታትለው ነው የሚሄዱት፤ ፊተኛው ዜማ ያወጣል፣ የኋለኞቹ ይቀበላሉ፣ እግርም በዜማው ልክ ይራመዳል። ዳምጤ አምስት ዓመት ሙሉ ሦስተኛ እየተሰለፈ ተቀበለ። አንድም ቀን አላወጣም። እሑድ በጸሎት ቤቱም እንደዚያው ነበር፤ መዝሙር የሚመራው ሌላ ሰው ነው፣ እሱ ይቀበላል።

ከዚያ የተሸካሚነት ዘመን አንድ ሽታ አንገቱ ላይ ቀርቷል። አዲስ ጆንያ ሽታ አለው። ሲሠሩት ክሩ እንዲለሰልስ ዘይት ያጠጡታል ይባላል። እሱን ሲሸከም የዋለ ሰው ሸሚዙ ጋዝ ጋዝ ይላል። ልያ፣ ሚስቱ፣ ሸሚዙን በሁለት ጣቷ ይዛ «ቡና ነው የተሸከምከው ወይስ ፋኖስ?» ትለው ነበር። «ልክ ነሽ» ይላታል። አሮጌ ጆንያ ግን ሽታው ስለወጣለት ምንም አይልም።

ቀማሽ የሆነውም ብዙ ሳይናገር ነው። በዚያ መጋዘን ቡና ከመላኩ በፊት ከየጆንያው ትንሽ ትንሽ ተወስዶ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ስኒ ውስጥ ፍል ውሃ ይፈስበታል፤ ከዚያ ቀማሾች በማንኪያ እየማጉ ባልዲ ውስጥ ይተፉታል። አለቃቸው ጋሽ ወልደሰማያት የሚባሉ፣ በሙቀት እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን በመጋዘኑ ሲያልፉ ዳምጤ ያወረዳቸውን ጆንያዎች ለሁለት ከፍሎ ሲደረድር አዩት።

«ማን ለያቸው አለህ?»

«ማንም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ለየሃቸው?»

«እነዚህኞቹ አፈር አፈር ይሸታሉ።»

ጋሽ ወልደሰማያት ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ ቀና ብለውም ትኩር ብለው አዩት። በማግስቱ ዳምጤ እጁን በሳሙና ታጥቦ ቅምሻ ክፍል ገባ።

ክፍሉ የራሱ ሕግ ነበረው። ጋሽ ወልደሰማያት ቀድመው ይቀምሳሉ፣ ይተፋሉ፣ ይናገራሉ። ቀጥሎ ሁለተኛው ቀማሽ አባቦራ ይቀምሳል። አባቦራ አባት አያቱ ጅማ የተቀበሩ፣ ኮፍያው ከራሱ የማይለይ፣ ነገርን ከሩቁ የሚሸሽ ሰው ነው። «ልክ ነው» ይላል። ከዚያ ዳምጤ ይቀምሳል፤ እሱም «ልክ ነው» ይልና መዝገቡ ላይ ያሰፍረዋል። አብዮቱ ፈነዳ፣ መጋዘኑ የመንግሥት ሆነ፣ ግድግዳው ላይ የነበረው ሥዕል ወርዶ ሌላ ተሰቀለ፤ ይህ ሕግ ግን አልተነካም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና አለቃ አንዴ የፈረደበትን ቡና ማን ይመልሰዋል? ምላስ ሦስት ነበር፤ የሚቀምሰው ግን አንዱ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጋሽ ወልደሰማያትን ብርቱ ጉንፋን ጣላቸው። ሁለት ሳምንት ተኝተው ሲመለሱ ለዳምጤ አዲስ ትእዛዝ ሰጡት።

«ከዛሬ ጀምሮ አንተ ቀድመህ ቅመስ። የውሃውን ሙቀት እይልኝ፤ ምላሴን እያቃጠለኝ ነው።»

ዳምጤ ቀመሰና «ልክ ነው» አለ፤ ስለ ውሃው ማለቱ ነው። ጋሽ ወልደሰማያትም ቀመሱና ስለ ቡናው ተናገሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ወር አለፈ።

ዳምጤ ደግሞ ልማድ ነበረችው። የቀመሰው ቡና ንጹሕ ከሆነ ማንኪያውን ወዲያው ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ይነክረዋል። እንከን ካለበት ጨርቁ ላይ ያጋድመዋል። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ራሱም አያውቅም። አንድ ጠዋት ግሩም ቡና ቀምሶ ሳለ ዓይኑን በላውና ሊያሸው ሲል ማንኪያውን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። ጋሽ ወልደሰማያት ማጉ፣ ተፉ፣ ፊታቸውን ጨፈገጉ።

«ሻጋታ» አሉ።

አባቦራ ቀመሰ። «ልክ ነው» አለ።

ዳምጤ ክው ብሎ ቀረ። ስኒውን አየ፣ ማንኪያውን አየ፣ ከዚያ የጋሽ ወልደሰማያትን ዓይን አየ። ዓይናቸው ስኒው ላይ አልነበረም፤ ጨርቁ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ገባው። ሽማግሌው አይሸታቸውም። ጉንፋኑ ሲሄድ አፍንጫቸውን ይዞባቸው ሄዷል። ወር ሙሉ በዚያ መጋዘን ቡና ላይ ሲፈርድ የከረመው የእሱ ማንኪያ ነበር።

«ጋሼ፣ ውሃው ቀዝቅዞ ይሆናል። ደግመን ብንቀምሰውስ?» አለ በዝግታ።

ደግሞ ቀመሰና ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ ነከረ። ጋሽ ወልደሰማያትም ደግመው ቀመሱና «ለካ ንጹሕ ኖሯል» አሉ። አባቦራም «ልክ ነው» አለ፤ ፊቱ ላይ ምንም አልታየም።

ስለዚህ ነገር ዳምጤና ጋሽ ወልደሰማያት ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ሽማግሌው ጡረታ ሊወጡ ዓመት ቀርቷቸዋል፤ አፍንጫ የሌለው ቀማሽ ደግሞ ጡረታም አይጠብቁለትም፣ ያሰናብቱታል። ለዳምጤም ቢሆን ነገሩ ተመችቶት ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። እየመራ ነው፣ የሚጠየቀው ግን ሌላ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ከዚያ የተሻለ ወንበር ከየት ይገኛል? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

ዝንቡ በመጋቢት ገባ። ከላይ መሥሪያ ቤት በጭነት መኪና አዲስ ጆንያ መጣ። የመጋዘኑ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ሰብስቤ፣ ድሮ አስተማሪ የነበረ፣ አሁንም ሲናገር ጠመኔ የያዘ ይመስል ጣቱን የሚያነሳ ሰው፣ ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰበሰበና ንግግር አደረገ። አሮጌው ጆንያ የበዝባዦች ጆንያ ነው፤ ይህኛው የሠርቶ አደሩ ነው አለ። የመጀመሪያው ጥቅል ሲፈታ ሽታው ዳምጤን ከአንገቱ ያዘው። እንዲህ ያለ ጆንያ ከዚህ በፊትም ያውቃል፤ እንዲህ አድርጎ የሚሸት ግን አላጋጠመውም። ወደ ጋሽ ወልደሰማያት ዞሮ አየ። ጋሽ ወልደሰማያት እያጨበጨቡ ነበር፤ ምን ይወቁ! አባቦራ በክርኑ ጎሰመው።

«ኤዬ፣ አጨብጭብ ማሎ፣ እባክህ» አለው በሹክሹክታ። «ሰው እያየህ ነው።»

ዳምጤ አጨበጨበ። በዚያው ሳምንት፣ በጥር ተቀምሶ ንጹሕ ነው የተባለው የደዶ ገበሬዎች ቡና ከአሮጌው ጆንያ ወደ አዲሱ ተገለበጠ። ግማሹ ወደ ወደብ ተላከ፤ ግማሹ መጋዘን ቀረ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ካፊያ እያለ፣ አንዲት ላንድሮቨር ግቢ ገባች። ሞተሩ አልጠፋም። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ በመካከላቸው አንድ ጥላ የጨበጠ ሰው አለ። ዳምጤ በመስኮቱ አየው። ቲጃኒ ነው። አሁን የደዶ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኗል፤ ጢሙ ሸብቷል። በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጡት። ጥላውን አጥፎ ጉልበቶቹ መካከል አቆመው።

ጓድ ሰብስቤ ቅምሻ ክፍል ሲገባ በእጁ ቴሌግራም ነበር።

«ጓዶች፣ የደዶው ቡና ወደብ ላይ ጋዝ ጋዝ ሸትቷል ተብሎ ታግዷል። ጋዝ የደፋበት ሰው አለ። ይህ ግልጽ አሻጥር ነው። የቀረውን አሁኑኑ ቀምሳችሁ ትፈርማላችሁ፤ ሰውየውም ከወረቀቱ ጋር ይሄዳል።»

ወዴት እንደሚሄድ አልተናገረም። በዚያ ዓመት ያን ማንም አይጠይቅም። በአሻጥር ተይዘው ከሄዱት ሰዎች መካከል ልብሱ ብቻ ለቤተሰቡ የተመለሰ እንዳለ ሄርማታ ገበያ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ቡናው ተቆላ፣ ተፈጨ። ሦስት ስኒ ተደረደረ፤ ፍል ውሃ ፈሰሰበት። ጓድ ሰብስቤ ከጠረጴዛው ራስጌ ቆሞ ነበር። ከዚያ በፊት ቅምሻ አይቶ አያውቅም።

«ለመሆኑ ጋዝ መሽተቱ ያጠራጥራል እንዴ?» አለ፤ ገና ማንም ማንኪያ ሳያነሳ።

እንደ ልማዱ ዳምጤ ቀደመ። የስኒውን አናት በማንኪያው ገለጥ አድርጎ ሲጠጋ ሽታው አፍንጫው ውስጥ ገባ። ማገ፣ ተፋ። ጋዝ። የልያ ፋኖስ። የተሸካሚ ሸሚዝ። አንድም አልተጠራጠረም፤ ጆንያው ነው።

ማንኪያውን ይዞ እጁ አየር ላይ ቀረ።

ብርጭቆው ውስጥ ቢነክረው ጋሽ ወልደሰማያት ንጹሕ ነው ይላሉ፤ ስኒው አፍንጫ ላለው ሁሉ እየጮኸ ነውና ያዋርዳቸዋል፣ ቲጃኒንም አያድነውም። ጨርቁ ላይ ቢያጋድመው ተበላሽቷል ይላሉ፤ ቲጃኒ ያለቀለት ነው። ያቺ የማንኪያ ቋንቋ ሁለት ቃል ብቻ ነበራት። ሽታው ከቡናው አይደለም፣ ከጆንያው ነው የምትል ቃል አልነበራትም። ያን ሊናገር የሚችለው አፍ ብቻ ነው፤ ያ አፍ ደግሞ በመጋቢት ሁሉን እያወቀ ዝም ብሎ እጁን አስጨብጭቦ ነበር። ዳምጤ ራሱን ጠላ።

ጋሽ ወልደሰማያት ጠበቁ። ዓይናቸው ከብርጭቆው ወደ ጨርቁ፣ ከጨርቁ ወደ ብርጭቆው ሄደ። አባቦራ ወለሉን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ዱዓ እያደረገ ይሆናል። ውጭ የመኪናው ሞተር ይንዶቀዶቃል።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ ጓድ ሰብስቤ። «የቀማሾቹ አለቃ እርስዎ አይደሉም እንዴ የሚናገሩት?»

ጋሽ ወልደሰማያት ወደ ዳምጤ ዞሩ። ለሰባት ወር ማንኪያውን ሲያዩ ከርመው፣ ያን ቀን ፊቱን አዩት።

«ዳምጤ» አሉ፣ «ዛሬ አንተ ተናገር።»

እንዴት ያለ ነገር ነው! አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ሽማግሌው ራሳቸውን አድነው ልጁን ወደ እሳት ገፈተሩት ይላል። ዳምጤም በዚያች ቅጽበት እንደዚያ መስሎት ነበር፤ ለአንድ አፍታ ተቆጣቸውም። ሥራ ላይ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፣ ቀድሞ ተናግሮ አያውቅም። ከዚያ በመስኮቱ የቲጃኒ ጥላ ታየው።

«ጋዝ ይሸታል» አለ።

ጓድ ሰብስቤ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ግን ከቡናው አይደለም፤ ከጆንያው ነው።»

ጓድ ሰብስቤ ቆመ። «ከየትኛው ጆንያ?»

«ካጨበጨብንለት።»

ጓድ ሰብስቤ ተመልሶ መጣና ጣቱን አነሳ።

«አንተ ጴንጤ፣ የምትናገረውን ታውቃለህ? ይህን ጆንያ የላከው የበላይ አካል ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጓድ። ጆንያ በትከሻዬ ነው የማውቀው።» አላቆመም፤ ለካ አንዴ ከተከፈተ ማቆምም ከባድ ነው። «ቲጃኒ ቡናውን ያመጣው በአሮጌ ጆንያ ነው። በጥር ቀምሰነው ንጹሕ ነበር፣ መዝገቡ ይኸው። በመጋቢት ወደ አዲሱ የገለበጥነው እኛ ነን። ያን ቀን ሸትቶኝ ነበር፤ ዝም አልኩ። ጥፋት ካለ የእኔ ዝምታ ነው።»

አባቦራ ተነሳ። ኮፍያውን አስተካክሎ ማንንም ሳያይ ወጣ። ዳምጤ ሸሸ ብሎ አሰበ። አባቦራ ግን ተመለሰ፤ የማንም ቡና ካልተሞላበት አዲስ ጆንያ ጥጉን ቆርጦ መዳፉ ላይ ይዟል። ቁራጩን ባዶ ስኒ ውስጥ ጨመረ፣ ፍል ውሃ ደፋበት፣ ስኒውን በሁለት እጁ አቀረበ።

«ያሽትቱት ማሎ፣ ጓድ» አለ። «ማሽተት እንኳ አልተከለከለም። ወላሂ፣ ልክ ነው የሚናገረው።»

ጓድ ሰብስቤ ስኒውን ተቀብሎ አሸተተ። ሳያስበው አንገቱን ወደ ኋላ አራቀ። ያን ሁሉም አዩ፤ እሱም እንዳዩት አወቀ። ስኒውን ሲያስቀምጥ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዝቅታው ከጩኸቱ ይብስ ነበር።

«ይህ ነገር ወረቀት ላይ አይወጣም። እኔ ወደ ላይ ምን ብዬ ነው የምጽፈው? የላካችሁት ጆንያ ነው ብዬ? ያች መኪና ባዶዋን አትመለስም።» ወደ ዳምጤ ዞረ። «አንተ ደግሞ ሦስተኛ ቀማሽ ነህ፣ ያውም ትናንት ተሸካሚ የነበርክ። ቃልህ ከዋናው ቀማሽ ቃል በታች ነው።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው። «ጋሽ ወልደሰማያት፣ እርስዎ ይናገሩ። ቡናው ተበላሽቷል ይበሉና ይፈርሙ። አንድ ቃል ናት።»

በእርግጥም አንድ ቃል ነበረች። ያቺን ብለው ቢፈርሙ ዓመቱን ጨርሰው፣ ጡረታቸውን ይዘው፣ ኮታቸውን ለብሰው ይቀመጣሉ። ዳምጤ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ወልደሰማያት የቡናውን ስኒ አንስተው አሸተቱ፤ የጆንያውን ስኒ አንስተው አሸተቱ። ሁለቱንም ጎን ለጎን መለሱ።

«ጓድ፣ ይኸኛውም ያኛውም ለእኔ አንድ ነው» አሉ። «ሰባት ወር ሆነኝ። ጉንፋን ካመመኝ ወዲህ የሚሸተኝም የሚጣፍጠኝም ነገር የለም።»

«ምን አሉ?»

«አይሸተኝም አልኩ። በእነዚህ ሰባት ወራት ከዚህ የወጣውን ቡና ሁሉ የለየው ይህ ሰው ነው። እሱ እየቀመሰ፣ እኔ እሱን እያየሁ ስናገር ነው የከረምኩት። ከዚያ ሁሉ ቡና ጆንያው ካበላሸው በቀር የተመለሰ የለም። ስለዚህ ቃሉ ከቃሌ በታች አይደለም። ቃሌ የእሱ ቃል ነው።»

ዳምጤ ዓይኑን ሲገልጥ ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። አሁን ገባው። ዛሬ አንተ ተናገር ያሉት ሊገፈትሩት አልነበረም፤ የሚታመነው አፍ የቱ እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው።

«ሰባት ወር ሙሉ መንግሥትን ሲያታልሉ ነበር ማለት ነው?» አለ ጓድ ሰብስቤ።

«እንጀራዬን ስጠብቅ ነበር። አንተ ማታለል ካልከው ማታለል ይሁን።» ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት። «ስም ነው የምትፈልገው፣ ልጄ? የእኔን ጻፍ። የዚያን ሰውዬ ተው።» በአገጫቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ።

ጓድ ሰብስቤ ወረቀቱን አነሳ። ክፉ ሰው ነበር ማለት ይቀላል፤ እውነቱ ግን እሱም የላይኛው ሲያወጣ የሚቀበል ተሰላፊ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና እስክሪብቶውን አወጣ። ዋናው ቀማሽ ሕመሙን ደብቆ፣ ሰባት ወር ሙሉ ዳምጤን እያስቀመሰ በሥራው ላይ ጉድለት አድርሷል ብሎ ጻፈ። ስለ ጆንያ የተጻፈ የለም። ስለ ደዶ የተጻፈም የለም።

ጋሽ ወልደሰማያት ከመውጣታቸው በፊት ማንኪያቸውን አነሱና ብርጭቆው ውስጥ ነከሩት። ከዚያ የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ። ዳምጤ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። እኔም አብሬ ልሂድ ሊል ነበር፤ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ ሊል ነበር። ያቺ ጠዋት ግን የነበረውን ድፍረት ሁሉ ጨርሳበት ነበርና ምንም አላለም። እስከ ዛሬም የሚያንገበግበው ይኸው ነው።

በረንዳው ላይ ጠመንጃ የያዙት ሰዎች ቲጃኒን በቃ ተነስተህ ሂድ አሉት። ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም። ቲጃኒ ጥላውን ይዞ ግራ እንደገባው ቆመ፤ ዳምጤን በሩ ላይ አየውና ወደ እሱ መጣ።

«ዳምጤ አይደለህም? አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቁኝ» አለ። ከዚያ ዘወር ብሎ አየ። «እኒያን ሽማግሌ ወዴት ነው የሚወስዷቸው?»

ላንድሮቨሯ ዞራ በካፊያው ውስጥ ወጣች፤ ቲጃኒ ለማያውቃቸው ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ።

ጋሽ ወልደሰማያት አሥራ አንድ ወር ታሰሩ። ጡረታቸውም ቀረ። ዳምጤ እሑድ እሑድ ልያ የሠራችውን ምግብ በሣህን ቋጥሮ ይወስድላቸው ነበር። ሽማግሌው መጉረስ ሲጀምሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁታል። «ንገረኝ እስቲ፣ ዛሬ ምን ምን ይላል?» ዳምጤም ይነግራቸዋል፤ ቅመሙ እንደበረታ፣ ሽንኩርቱ በደንብ እንደበሰለ፣ ጨው ትንሽ እንዳነሰው። እሳቸውም በዝግታ እያኘኩ ይሰሙታል።

ያ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ነው። ጋሽ ወልደሰማያት በተወሰዱ ማግስት ጠዋት ዳምጤ ሥራ ሲገባ ወንበሩ ተቀይሯል። ወረቀቱ ላይ ሰባት ወር ሙሉ የቀመሰው እሱ መሆኑ ተጽፏልና፣ ሌላ ቀማሽ እስኪመጣ አለቃው አንተ ነህ ተባለ። በግራው አባቦራ ተቀምጧል፤ በቀኙ ከጽሕፈት ቤት የተዛወረ ዘርሁን የሚባል ጸሐፊ፣ አዲስ ማንኪያ ይዞ። ስኒዎቹ ተደረደሩ። ዳምጤ የመጀመሪያውን ማገ። ጥሩ ቡና ነው፤ ከበስተኋላው ግን አንድ ነገር አለው፣ ሻጋታ ይሁን አፈር አልለየለትም። አባቦራን ሊጠይቀው ፈለገ። ትናንት ጆንያ ቆርጦ የመጣ ሰው ነው፤ ዛሬማ የሚሸተውን ይነግረኛል ብሎ ተስፋ አደረገ። ማንኪያውን እንደያዘ ቀና አለ።

ሁለቱም እጁን እያዩ ነበር።

«ልክ ነው» አለ አባቦራ።

«ልክ ነው» አለ ዘርሁን፣ መዝገቡን ወደ ራሱ እየሳበ።

ዳምጤ ገና አፉን አልከፈተም ነበር።